ከኮኽ መመዘኛ እስከ ኮምፒውተር ትንበያ፦ ረቂቅ ተሕዋስያንን ከበሽታ ጋር የማገናኘት ታሪክ

አንድ ረቂቅ ተሕዋስ የአንድ በሽታ መንሥኤ ነው ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ጥርት ያለ መልስ ያገኘ የመሰለው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ የሳንባ ነቀርሳን ባሲለስ ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ በማይክሮስኮፕ የታየውን በመግለጽ ብቻ አልተወሰኑም። ባሲለሱን ከሕሙማን አካል አውጥተው፣ ከሰውነት ውጭ ለብቻው አራብተው፣ ወደ ጤነኛ እንስሳት ሲያስገቡት ያንኑ በሽታ እንዳስከተለ አሳይተዋል። ረዳታቸው የነበሩት ፍሪድሪኽ ሎፍለር በ1884 ስለ ዲፍቴሪያ በጻፉት ጥናት እነዚህን እርምጃዎች በተራ አስቀመጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ «የኮኽ መመዘኛ» የሚለው ስም ጸና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መመዘኛው ግን ገና ከጅምሩ ያስቸገረው ራሳቸውን ኮኽን ነበር። የኮሌራን ባክቴሪያ በ1883 እና በ1884 በግብፅና በሕንድ ሲከታተሉ በሽታውን በእንስሳ ላይ ማስነሣት አልሆነላቸውም፤ ቆየት ብሎም ባክቴሪያው ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ታወቀ። የሙኒኩ የጤና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር፣ ባክቴሪያው ብቻውን ኮሌራን አያመጣም፣ የአካባቢው ሁኔታም ሊያግዘው ይገባል የሚል እምነት ስለ ነበራቸው፣ በ1892 ሕያው የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ጠጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነበር። ያገኛቸው ቀላል ተቅማጥ ብቻ ሆነ። ፔተንኮፈር አልሞቱም፤ ኮኽም ስለ ባክቴሪያው አልተሳሳቱም። በተሕዋሱና በበሽታው መካከል የሰውየው ሰውነት፣ ምግቡ፣ መድኃኒቱና የሚኖርበት ቦታ እንደሚገቡ የሚያሳየው ይህ ክርክር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ኮምፒውተር ይዘው ለመጡ ተመራማሪዎችም ሳይፈታ ቆይቷል።

የጨጓራው ባክቴሪያ የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ታሪክ ለሐኪሞች አዲስ ስላልሆነ በአጭሩ ማስታወስ ይበቃል። ሮቢን ዋረን በ1979 በአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠምዛዛ ባክቴሪያ አዩ። ባሪ ማርሻል በ1981 ተባበሯቸው። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ሳህኖቹ ከተለመደው ጊዜ በላይ በመቆየታቸው ባክቴሪያው አድጎ ተገኘ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው የጨጓራ ብግነት ያዛቸው፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የታየው ባክቴሪያውና ብግነቱ አብረው መገኘታቸው፣ ማለትም ቁርኝታቸው ነበር። ቁርኝቱ ወደ መንሥኤነት ማስረጃ እስኪሸጋገር ድረስ ዓመታት፣ የላቦራቶሪ ድካምና በመጨረሻም የአንድ ሐኪም ሆድ አስፈልጓል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣው ለውጥ ይህን ቅደም ተከተል አናጋው። በ1977 ካርል ዎስ ተሕዋስያንን በመልካቸውና በአመጋገባቸው ሳይሆን፣ 16ኤስ በተባለው የሪቦዞም አር.ኤን.ኤ. የፊደል ቅደም ተከተል አማካይነት መመደብ እንደሚቻል አሳዩ። በተከታዮቹ ዓመታት ኖርማን ፔስና ባልደረቦቻቸው ተሕዋሱን ማራባት ሳያስፈልግ፣ ከአፈርና ከውኃ በቀጥታ የወጣውን የዘር ቅንጣት በማንበብ ብቻ ማን በዚያ እንደሚኖር የማወቂያውን መንገድ ከፈቱ። ይህ ዘዴ ወደ ሰው አንጀት ሲዞር፣ በአየር ላይ ስለማያድጉ በሳህን ላይ ታይተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ስም ማግኘት ጀመሩ። በ2007 በዩናይትድ ስቴትስ የተጀመረው የሰው ማይክሮባዮም ፕሮጀክት በ2012 የ242 ጤነኛ ጎልማሶችን መረጃ አወጣ። ሜታሂት የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ጥናት ደግሞ በ2010 ከ124 ሰዎች ዓይነ ምድር ብቻ 3.3 ሚሊዮን ጂኖችን ቆጠረ።

ስም ለማውጣት የሚያስፈልገው ድካም ሲቀንስ ቁርኝት ማግኘትም ቀለለ። ከሕሙማንና ከጤነኞች ናሙና ወስዶ፣ በርካታ መቶ ተሕዋስያንን ቆጥሮ፣ በአንዱ ወገን የበዛውን ወይም ያነሰውን መዘርዘር የዘመኑ የተለመደ ሥራ ሆነ። ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ አስም፣ የስኳር በሽታ፣ የአንጀት ብግነትና የጉበት መቆሳሰል ሁሉም የየራሳቸውን ዝርዝር አገኙ። ዝርዝሩ ሁሉ ግን ጸንቶ አልቆየም። በ2006 ወፍራም ሰዎች አንጀት ውስጥ ባክቴሮይዴቴስ የተባለው ቡድን አንሶ ፊርሚኩቴስ የተባለው እንደሚበዛ ተጽፎ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2016 ማርክ ሼና ፓትሪክ ሽሎስ አሥር ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በሁለቱ ቡድኖች ምጣኔና በውፍረት መካከል አስተማማኝ ግንኙነት አላገኙም፤ በአንዱ ጥናት መረጃ የተማረው ኮምፒውተርም የሌላውን ጥናት ወፍራሞች ለመለየት ደካማ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ የተሰበሰበውን ቁርኝት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ ያልታወቀውን ከታወቀው እንዲገምት ለኮምፒውተር መስጠት ነበር። ኮምፒውተር ደንቡ ሳይነገረው ከምሳሌዎች እንዲማር የሚደረግበት ይህ ስልት በልማድ ማሽን ለርኒንግ ይባላል። ሠንጠረዡን ያዘጋጁት ቤይጂንግ የሚገኙ ተመራማሪዎች ናቸው። 61 የታተሙ ጥናቶችን አንብበው በ39 በሽታዎችና በ292 ተሕዋስያን መካከል 483 ቁርኝቶችን መዘገቡ፤ ሥራቸው በ2017 ታተመ። ተደጋጋሚዎቹ ሲወጡ 450 ጥንዶች ይቀራሉ። 39 በ292 ሲባዛ 11,388 ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ይሆናልና፣ ምልክት የተደረገባቸው ሳጥኖች ከመቶ አራት እንኳ አይሞሉም። ቀሪዎቹ 10,938 ባዶዎች ናቸው። የኮምፒውተሩ ሥራ ከባዶዎቹ መካከል በኋላ ሊሞሉ የሚችሉትን ማመልከት ነው።

በዚያው በ2017 ሺንግ ቼንና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን የትንበያ ስልት አቀረቡ። የተጠቀሙበት ሒሳብ ከሕክምና የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሊዮ ካትስ በ1953 የአንድን ሰው ተሰሚነት ለመለካት ያወጡት ቀመር ነበር። እንደ ካትስ አሳብ፣ አንድ ሰው የሚመዘነው በቀጥታ በመረጡት ሰዎች ቁጥር ብቻ አይደለም፤ መራጮቹን የመረጡትም ይቆጠራሉ፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ግን ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በሰፈር ውስጥ ስለማያውቁት ሰው «የእነ እገሌ ወዳጅ ነው» ተብሎ እንደሚገመተው ማለት ነው። ቼንና ባልደረቦቻቸው ሰዎቹን በተሕዋስያንና በበሽታዎች ተኩ። አንድ ባክቴሪያ ከአስም ጋር ተመዝግቦ ከሆነ፣ አስምም ከሌላ በሽታ ጋር ብዙ ባክቴሪያዎችን የሚጋራ ከሆነ፣ ያ ባክቴሪያ ከሁለተኛው በሽታ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል በነጥብ ይገለጻል። ስልቱ የተፈተነው የታወቁትን ቁርኝቶች አንድ በአንድ በመደበቅ ነበር፤ የተደበቀው ከባዶዎቹ በላይ ቢወጣ ስልቱ ተሳካለት ይባላል። የተገኘው ውጤት 0.8382 ነበር። ይህም አንድ የታወቀ ቁርኝትና አንድ ባዶ ሳጥን በዕጣ ቢወሰዱ፣ ከመቶው 84 ያህል ጊዜ የታወቀው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ በርካታ ስልቶች ተከታተሉ። በመረቡ ላይ በዘፈቀደ መራመድን የሚመስሉ፣ ሠንጠረዡን ወደ ትናንሽ ክፍሎች የሚበትኑ፣ በኋላም የአንጎልን ነርቮች ትስስር በሩቁ የሚመስሉ ስልቶች መጡ፤ ብዙዎቹ ከ0.9 በላይ ውጤት አስመዘገቡ። ቁጥሩ ያድግ እንጂ ከሥር ያለው ሠንጠረዥ ብዙም አላደገም። በ2018 የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲስባዮም የተባለ ሰፋ ያለ መዝገብ አወጡ፤ ሆኖም በትንሹ መዝገብ ላይ የሚደረገው ውድድር አልቆመም።

ሐኪም ለእነዚህ ቁጥሮች ከመገዛቱ በፊት ሠንጠረዡን ራሱን ማየት ይኖርበታል። የመጀመሪያው መዝገብ አንድ ባክቴሪያ በሕሙማን ላይ መብዛቱን ወይም ማነሱን ለይቶ ጽፎ ነበር። በትንበያው ስሌት ግን የበዛውም ያነሰውም «1» ተብሎ ገባ። ለታማሚው የሚጠቅም ባክቴሪያና የሚጎዳው በአንድ ምልክት ተመዘገቡ ማለት ነው። ሁለተኛም፣ አብዛኞቹ ስሞች በወገን ደረጃ የተጻፉ ናቸው፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚለው አንድ ስም የሳንባ ምች የሚያመጣውንም እርጎ የሚያረጋውንም ይዟል። ሦስተኛው ችግር ስውር ነው። ባዶ ሳጥን «ግንኙነት የለም» ማለት ሳይሆን «ማንም አልጻፈም» ማለት ነው፤ ብዙ የተጻፈበት በሽታ ብዙ ምልክት ስላለው የካትስ ሰንሰለት ሁሉ ወደ እርሱ ያመራል። ኮምፒውተሩ የተማረው የተሕዋስያንን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የተመራማሪዎችንም ምርጫ ነው። የተደበቀው ቁርኝት የመጣውም ከዚያው ጽሑፍ፣ ከዚያው ልማድ ነውና፣ ፈተናው ተማሪው በተማረበት ደብተር የሚፈተንበት ዓይነት ይሆናል። ይህ ማለት ስልቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በላቦራቶሪ አንድ በአንድ ሊፈተሹ የማይችሉ ዐሥር ሺህ ጥንዶች ሲኖሩ፣ ከየትኛው መጀመር እንደሚገባ የሚጠቁም ዝርዝር ዋጋ አለው። የዝርዝሩ ራስ ላይ መውጣት ግን ሎፍለር ከጻፏቸው እርምጃዎች አንዱንም አያሟላም።

ሌላው የትንበያ ዓይነት ከታተሙ ጽሑፎች ሳይሆን በቀጥታ ከሰዎች ናሙና ይነሣል፤ የሚጠይቀውም «ይህ ሰው ታሟል ወይስ አልታመመም?» ብሎ ነው። የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ታሪክ እዚህ ላይ ሊታለፍ አይገባም። በ2012 ከ345 ቻይናውያን የተወሰደ ናሙና፣ በ2013 ደግሞ 145 አውሮፓውያን ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ሕሙማንን ከጤነኞች የሚለዩ የአንጀት ባክቴሪያዎች እንዳሉ አሳዩ። የ2013ቱ ጥናት በኮምፒውተር ሕሙማኑን በጥሩ ሁኔታ ለይቷል። ሆኖም በሁለቱ ሕዝቦች ላይ መለያ ሆነው የወጡት ባክቴሪያዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ብዙ አንባቢ ልዩነቱን ለምግብና ለዘር ሰጥቶ ያልፈው ነበር።

በ2015 ፎርስሉንድና ባልደረቦቻቸው የ784 ሰዎችን የአንጀት መረጃ ሰብስበው፣ ከሕሙማኑ መካከል ሜትፎርሚን የሚወስዱትንና የማይወስዱትን ለዩ። የበሽታው ምልክት ተብሎ ከታየው ውስጥ ብዙው የመድኃኒቱ ምልክት ሆኖ ተገኘ። የኤሼሪኪያ መብዛት ሜትፎርሚን ከሚወስዱት ጋር የሚሄድ ነበር፤ መድኃኒቱን በማይወስዱ ሕሙማን ላይ ግን ቡቲሬት የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች መቀነስ ታየ። በ2017 ሌላ ቡድን ገና ሕክምና ላልጀመሩ ሕሙማን በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ ሜትፎርሚን ለአራት ወራት በመስጠት፣ መድኃኒቱ በእርግጥ የአንጀትን ባክቴሪያ እንደሚለውጥ አረጋገጠ። እንግዲህ ይህን መረጃ የተማረ ኮምፒውተር «ይህ ሰው የስኳር ሕመምተኛ ነው» ሲል፣ በከፊል የሚያነበው ሐኪሙ ቀደም ሲል የጻፈውን የመድኃኒት ማዘዣ ነው። በምርመራው የተለየውን ሕመምተኛ ኮምፒውተሩ ቢያገኘው አያስደንቅም፤ ያልተመረመረውን ሊያገኘው ይችላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማንኛውም የክሊኒክ ሐኪም ስለ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚለው ጥያቄ በሠንጠረዦቹ ላይ አምድ አልነበረውም።

የተሻለ መሠረት ያገኘው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ባክቴሪያና ይህ ካንሰር አብረው ሊታዩ እንደሚችሉ ከ1951 ጀምሮ ተጠቁሞ ነበር፤ በዚያ ዓመት ማኮይና ሜሰን የልብ ውስጠኛ ሽፋን ብግነትና የአንጀት ካንሰር አብረው የታዩበትን ሕመምተኛ ታሪክ አሳትመዋል። በ2012 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ፉሶባክተሪየም በዕጢው ሥጋ ውስጥ ከጤነኛው ሥጋ ይልቅ በዝቶ እንደሚገኝ አሳዩ። በ2019 ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ስምንት ጥናቶች፣ 768 ናሙናዎች ያሏቸው፣ በአንድነት ሲመረመሩ 29 የባክቴሪያ ዝርያዎች በካንሰር ሕሙማን ዓይነ ምድር ውስጥ በየአገሩ በዝተው ተገኙ። ኮምፒውተሩ በአንዱ አገር ተምሮ በሌላው አገር ቢፈተንም ከሞላ ጎደል መለየት ቻለ። ለውፍረት ያልሆነው ለዚህ ካንሰር ሆነ። ዋናው ምክንያት የስልቱ ረቂቅነት አልነበረም፤ ፈተናው በተማረበት ደብተር ላይ ባለመደረጉ ነበር። የስሙ ጥያቄ ግን እዚህም ተከተለ። በ2024 የታተመ ጥናት፣ ፉሶባክተሪየም ኑክሌአተም ከሚባለው ዝርያ ውስጥ አኒማሊስ የተባለው ንዑስ ዝርያ በሁለት ነገዶች እንደሚከፈልና ከዕጢው ጋር የተቆራኘው ከሁለቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ገለጸ። በወገን ስም የተጻፈ ሠንጠረዥ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስጠነቅቀው በ2020 ኔቸር ላይ የታተመው ጥናት ነው። በዕጢና በደም ናሙና ውስጥ የሚገኝ የተሕዋስያን ዘር ቅንጣት 33 ዓይነት ካንሰሮችን እርስ በርሳቸው ለመለየት እንደሚያስችል ገልጾ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ያገኘው ውጤት ለብዙዎቹ ካንሰሮች ፍጹም ለመሆን ጥቂት የቀረው ነበር። ካንሰርን ከአንድ ብልቃጥ ደም የማወቅ ተስፋ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለሐኪም መንገር አያሻም። ሌሎች ተመራማሪዎችም የተዘጋጀውን መረጃ ወስደው ተጨማሪ ጥናት ሠሩበት።

በ2023 አብርሃም ጊሃዊ፣ ስቲቨን ሳልዝበርግና ባልደረቦቻቸው ጥሬውን መረጃ እንደገና ሲመረምሩ ሁለት ከባድ ስሕተቶች አገኙ። አንደኛው፣ ለማነጻጸሪያነት በተወሰዱት የባክቴሪያ መዝገቦች ውስጥ የሰው ዘር ቅንጣት ተቀላቅሎ ስለ ነበር፣ የታማሚው የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. ባክቴሪያ ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለተኛው የበለጠ አስተማሪ ነው። በልዩ ልዩ ላቦራቶሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማስወገድ የተደረገው የቁጥር ማስተካከያ፣ በጥሬው መረጃ ዜሮ የነበሩትን ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ካንሰር ልዩ መለያ አድርጎ አወጣቸው። ኮምፒውተሩም መለያውን በቀላሉ አገኘው። ለአንድ የአድሬናል ዕጢ ካንሰር ዋና ጠቋሚ ሆኖ የወጣው ሽሪምፕን በመሰሉ የባሕር እንስሳት ላይ የሚታወቅ ቫይረስ ነበር። አንድ የተሕዋስያን ባለሙያ ስሙን ብቻ አይቶ «ይህ በሰው አድሬናል ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ቀደም ብሎ ይያዝ ነበር። ጸሐፊዎቹ ለሥራቸው ቢከራከሩም ጽሑፉ በጁን 2024 ተሰረዘ።

ለአፍሪካ ሐኪም የቀረው ጥያቄ ሠንጠረዦቹ የማንን አንጀት እንደያዙ ነው። በ2022 አብዲልና ባልደረቦቻቸው በሕዝብ መዝገቦች ያሉትን 444,829 የሰው ማይክሮባዮም ናሙናዎች ሲቆጥሩ፣ መነሻቸው ከታወቀው ውስጥ ከመቶ 71 በላይ የሚሆኑት ከአውሮፓ፣ ከዩናይትድ ስቴትስና ከካናዳ የመጡ ነበሩ። የዓለም ሕዝብ ከመቶ 4.3 ብቻ የሚኖርባት ዩናይትድ ስቴትስ ለብቻዋ ከመቶ 46.8ቱን ይዛለች። ከላይ በተጠቀሱት ስምንት የካንሰር ጥናቶችም ውስጥ ከአፍሪካ የመጣ አልነበረም።

ይህ የቁጥር ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ ፕሬቮቴላ ኮፕሪ የተባለው ባክቴሪያ ያሳያል። በ2013 በ114 ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ የኒው ዮርክ ጥናት፣ ይህ ባክቴሪያ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት አዲስ በያዛቸውና ሕክምና ባልጀመሩ ሰዎች ላይ በዝቶ እንደሚገኝ ገለጸ። ቁርኝቱ በዚያ ሕዝብ ዘንድ ቁም ነገር ነበረው። በ2019 ግን ቴትና ባልደረቦቻቸው፣ ኢትዮጵያን፣ ጋናን፣ ታንዛኒያንና ማዳጋስካርን ጨምሮ ከልዩ ልዩ አህጉራት የመጡ ከ6,500 በላይ ናሙናዎችን ሲመረምሩ፣ አንድ ዝርያ ይባል የነበረው ባክቴሪያ በአራት የተለያዩ ነገዶች የተከፈለ መሆኑን አወቁ። እነዚህ ነገዶች የምዕራቡን አኗኗር ባልያዙ ሕዝቦች ዘንድ በአብዛኛው ሰው ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም አብረው ይገኛሉ፤ በምዕራባውያን ዘንድ ግን ቀንሰዋል። የተለያዩትም ሰው ከአፍሪካ ወደ ሌሎች አህጉራት ከመሰደዱ በፊት እንደሆነ ተገምቷል። በኒው ዮርክ መረጃ የተማረ ኮምፒውተር ከኢትዮጵያ ገጠር የመጣ የጤነኛ ገበሬ ናሙና ቢቀርብለት፣ ይህን ባክቴሪያ አይቶ የመገጣጠሚያ ሕመምን ሊጠቁም ይችላል። በወገን ደረጃ በሚጻፍ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ አራቱም ነገዶች፣ ከሌሎች የፕሬቮቴላ ዝርያዎች ሁሉ ጋር፣ የሚያርፉት በአንድ ረድፍ ላይ ነው።